ዶሮ በጋቢ

ሚኒሶታ፣ የገና ማግስት

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እኔ ከናፍቆታችሁና ከጉንፋን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሚጣ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ የራሷን ሳትጨምርበት።

ለገና ዶሮ ወጥ ሠራሁ። እኔ፣ ውኃ ያሳርራል የምትይኝ ልጅሽ። ሚጣ፣ ሳቅሽን ጨርሺ፤ እጠብቃለሁ። ጋሼ “ወንድ ልጅ ዶሮ ይባርካል እንጂ አይሠራም” ሊሉ ነው፤ ምን ላድርግ፣ እዚህ መባረኩንም ማሽን ወስዶታል። ዶሮዋ የምትሸጠው ራስ ሳይኖራት፣ ላባ ሳይኖራት፣ በላስቲክ ታሽጋ ነው። ክብደቷን ስታዪ የልጅ ልጅ ያየች ይመስልሻል፤ ዕድሜዋ ግን ሰባት ሳምንት ቢሆን ነው። እኛ ቤት በዚህ ዕድሜዋ ገና ጫጩት ናት። ሆዷን ስከፍት የገዛ አንገቷና ጉበቷ በከረጢት ተጠቅልሎ አገኘሁ። ስንቅ አሲዘው ነው የሚሸኟት።

ያስቸገረችኝ ግን ዶሮዋ ሳትሆን አከራዬ ናት፤ ያቺ ጡረተኛ ነርስ። በዋዜማው ሎሚና ጨው አሰናድቼ ዶሮዋን ወደ ቧንቧው ሳስጠጋ መጥታ መሐላችን ተገተረች። “ጥሬ ዶሮ አይታጠብም!” የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም የሚመክረው ይህንኑ ነው አለችኝ፤ ውኃው ሲረጭ ጀርሙን በየሰሐኑ ያዳርሰዋል፤ የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው ውስጥ 165 ፋራናይት፣ በእኛ 74 ዲግሪ፣ ከደረሰ አለቀ። እሺ ልል ነበር። አንቺ ትዝ አልሽኝ። “ያልታጠበ ዶሮ በላ” ተብሎ ቢወራ በየትኛው ፊቴ አገሬ እገባለሁ?

ስለዚህ ውሻዋን ልታናፍስ እስክትወጣ ታገሥኩ። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ነው፤ ውሻውም ብልጥ ነው፣ ጉዳዩን ቶሎ ይጨርሳል። ውኃው ሊጠራ ሲል ቁልፉ በሩ ላይ ተንቋቋ። ዶሮዋን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። አዎ፣ አንቺ በላክሽው ጋቢ። ታጥቧል፣ አትጩሂ። ሴትዮዋ ከበሩ ውጭ “ታመሃል እንዴ?” ትላለች፤ ውሻው በሩን ይቧጥጣል፤ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ብልት አወጣለሁ። ስቆጥር አሥራ ሦስት ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሦስት። የአሜሪካ ዶሮ አሥራ ሦስት ብልት አላት ማለት ነው። ለጋሼ ማስረጃ ፎቶ ላነሣ ስልኬን ስፈልግ በሩ ብርግድ አለና ውሻው አንዱን ይዞ ጠፋ። ድስት የገባው እንደ ደንቡ አሥራ ሁለት ነው፤ ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም።

ሽንኩርቱን እስኪበቃው አቁላላሁት። ዶሮዋን መጨረሻ ላይ ጨመርኳት፤ ልጅ ስለሆነች ከቆየች ከአጥንቷ ትለያያለች። ይህንን ሚጣ አታውቀውም፤ የምርቃቷን ዕለት ዶሮ ማን ረሳው?

ሌሊቱን አስቀድሼ ተመለስኩ። የእነሱ ገና አልፎ ዛፉ መንገድ ዳር ተጥሏል፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይነዳል። ወጡን አሙቄ ፈረሰኛውን በጭልፋ አወጣሁና፣ ለማን እንደማቀርበው ጠፍቶኝ ቆምኩ። እንደዚያ የሰፋ ማዕድ አይቼ አላውቅም።

ደግነቱ ሴትዮዋ ቴርሞሜትሯን ይዛ ከተፍ አለች። ታፋውን ወጋች፤ ቅልጥሙን ወጋች፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች። እንቁላሉን ስትወጋ ዝም አልኩ፤ ባለሙያ ሥራው ላይ አይነካም። በመጨረሻ “ጤነኛ ናት” ብላ ፈረደችና ተቀመጠች። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፣ ፈረሰኛዎን ነርሷ በልታዋለች። ያውም በሹካ! በርበሬው ዓይኗን አስለቀሳት፤ እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ አብሬያት አለቀስኩ፤ ማን ይለየዋል?

አሁን ለፋሲካ ራሷን ጋብዛለች፤ በሚመጣ ሰው በርበሬ ላኪልኝ። በስልክም ልታመሰግንሽ ትፈልጋለች፤ እኔ አስተረጉማለሁ። አደራሽን ስለ ማጠቡ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ “ሰባት ውኃ” የምትዪዋን በእጅሽ ታስረጃታለሽ፣ ማደሪያዬም በዚያው ያበቃል።

የማጀቱ ጀግና ልጅሽ