ሻወር ቤቱ ይታደስ ያለው ማነው?

ልጆቼ ተሰብስበው መጡና «አባባ፣ ሻወር ቤቱ አርጅቷል፤ ይታደስ» አሉኝ። እኔም አርጅቻለሁ፤ ለእኔ ስብሰባ የጠራ ግን የለም።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ሴራሚክ ሆነ። አንዷ እብነ በረድ የሚመስለውን፣ አንዱ ግራጫውን፣ ሌላዋ በስልኳ ያየችውን። ከሴራሚኩ ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፋ! ውኃ የሚያግደው ሴራሚኩ ይመስላቸዋል። እሱስ ይሁን፤ በመካከሉ የሚሞላው ግራውት ሲሚንቶ አይደለም እንዴ? ሲሚንቶ ውኃ ይመጥጣል። ውኃው ቀስ እያለ ስክሪዱን ያረሰርሳል፣ ሶሌታውን አልፎ ይወርዳል፣ ከዚያ የታችኛዋ ጎረቤታችን ጣሪያ ላይ ካርታ ይሥላል። እሳቸው ደግሞ አይናገሩም። ቡና ይጠሩንና፣ አቦሉን ቀድተው ሲያበቁ፣ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ያነሳሉ። ከስድብ ይከፋል።

ሠራተኛው መጣ። የልጅ ልጄ እኩያ ነው፤ «ፋዘር» ይለኛል።

«ፋዘር፣ ሲሚንቶው ውስጥ ትንሽ መድኃኒት ጠብ እናደርግበታለን፤ አለቀ።»

መድኃኒት! ወለሉ አሞታል እንዴ? እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ወለሉ በሜትር 2 ሳንቲም ሜትር ያህል ወደ ማፍሰሻው ያዘንብል። ወለልና ግድግዳ የሚጋጠሙበት ጥግ ላይ ጥብጣብ ይለጠፍ፤ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት አንድ ላይ ይኑሩ እንጂ የሚነቃነቁት ለየብቻ ነው፣ ስንጥቁም የሚጀምረው እዚያው ነው። ቧንቧው የሚወጣበትም አይረሳ። ከዚያ ውኃ መከላከያው በብሩሽ ይቀባ፣ ይድረቅ፣ እንደገና አግድም ይቀባ። ግድግዳውም ውኃ እስከሚረጨው ድረስ ይቀባ። ሴራሚክ ከዚህ በኋላ ነው።

ልጁ አዳምጦኝ ሲያበቃ «ፋዘር፣ ይኼ እኮ አይታይም» አለኝ።

ስለማይታይ ነዋ የሚታለፈው! ለሴራሚኩ ያን ሁሉ ብር ስትቆጥር እጇ ያልተንቀጠቀጠ ልጄ፣ ለአንድ ባልዲ መከላከያ ሲሆን «አባባ፣ ይቅርብን» አለች። ጮኼ ጮኼ አስቀባሁ።

ቀጥሎ ፈተናው ነው። ማፍሰሻው ይደፈናል፣ ወለሉ ላይ ውኃ ይሞላል፣ ከፍታው በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፣ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ከምልክቱ ዝቅ ካለ፣ ወይም እታች ጠብ ካለ፣ ሥራው ከንቱ ነው። ልጁ ማፍሰሻውን ደፈነ። እኔ በርጩማዬን በሩ ላይ አደረግሁ። ቧንቧው ተከፈተ።

ፉጨት ብቻ። ለካ ፈረቃችን አይደለም!

«ከበርሜሉ ቅዱ» አልኩ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ያልበቃ ውኃ ለወለል?»

«ታዲያ ፋዘር፣ ሴራሚኩን ልለጥፈው?» አለ ልጁ፣ አጋጣሚውን አይቶ።

በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ውኃ እስኪመጣ ማንም አይገባም። ገላውን መታጠብ የፈለገ ወደ ታችኛዋ ጎረቤታችን ይውረድ፤ እሳቸው እንደሆኑ በእኛ ውኃ ሲታጠቡ ነው የኖሩት።