ምርጥ ዘፈኖችን ገደል የመክተቻ አምስት ምክሮች

በወሎ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም በሰርግና በድግስ ሲጫወት የኖረ አዝማሪ ቤቱ ቅጂ አያጣም። የድሮ ካሴት አለ፣ ሲዲ አለ፣ ፍላሽና በስልክ የተቀዳም አለ። ከዚህ መሐል መርጦ «ምርጥ ሥራዎቼ» ብሎ ለማውጣት ዛሬ አሳታሚ ደጅ መጥናት አያስፈልግም፤ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ይበቃል። ሥራውን ለማበላሸት ግን ትዕግሥቱም አያስፈልግም። የሚከተሉትን ምክሮች መፈጸም ብቻ ነው።

1. ካሴቱን በስልክ ቅዳው።

ቴፑን ክፈት፣ ስልክህን ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጥ፣ የዶሮውና የበሩ ድምፅ አብሮ ይግባ። የቴፑን ሔድ በጥጥና በአልኮል አታጽዳ፤ ከቴፑ በገመድ ወደ ኮምፒውተር መቅዳትም አያስፈልግህ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ፍጥነቱ አትጨነቅ። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። በሰርጉ ሌሊት የመቅጃው ባትሪ ደክሞ ከነበረ ክሩ ዝግ ብሎ ሄዷል ማለት ነው፤ በመብራት ኃይል በሚሠራ ቴፕ ስታሰማው ዘፈኑ ይፈጥናል፣ ድምፅህ ይቀጥናል፣ ማሲንቆው ከነበረበት ከፍ ይላል። ይህ በኮምፒውተር ይስተካከላል። አንተ ግን እንዳለ ተወው፤ የሚሰማህም የልጅነት ድምፅህ ይምሰለው።

2. ከአራቱ ቅኝት አንዱን ብቻ ያዝ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የዜማችን አራት ምሰሶዎች ናቸው፤ ባቲና አምባሰል ደግሞ የራሳችን የወሎ አገሮች ስም ናቸው። ውጭ አገር ያለው ዘመድ ትዝታ ይወዳል ተብሎ ትዝታን ብቻ ደርድር። በአንቺሆዬ ያዜምከውን የሙሽራ ዘፈን ተወው፤ በአምባሰል ያንጎራጎርከውንም «ይከብዳል» ብለህ አስቀረው። ከወሎ ደጋ የወጣ ሰው በአራቱም ሲዘፍን እንደኖረ የሚመሰክር ነገር እንዳይቀር ማድረግ የምትችለው እንዲህ ነው።

3. «ተቀበል!» ያለውን ሰው ቁረጠው።

አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ከድግሱ መሐል አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው እዚያው አፉ ላይ ያለውን ዜማ ሳያቋርጥ ያለብሰዋል፤ ቤቱ በእልልታና በሳቅ ይናወጣል፤ ሌላው ደግሞ መልስ ይዞ ይነሣል። የጥበቡ ጉልበት ያለው እዚህ መቀባበል ላይ ነው። ይህ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አንተ ግን ዘፈን ሦስት ደቂቃ ነው ብለሃልና ሰጪውን አውጣ፣ እልልታውን አውጣ፣ ሳቁን አውጣ። የሚቀረው መልስ ነው፤ ጥያቄው የጠፋበት መልስ። አድማጭ ለምን እንዲያ እንዳልክ አይገባውም፤ በዚያች ቅጽበት ግጥም ፈልቅቀህ ማውጣትህንም ማንም አያውቅልህም።

በተረፈው ቦታ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ጨምርበት። ድምፁንም እስኪሰነጣጠቅ አጩኸው። ትልልቆቹ የኢንተርኔት ሙዚቃ ማሰራጫዎች የዘፈኖችን ጩኸት መልሰው እኩል ያደርጉታል፤ ስለዚህ ከፍታው ይወርዳል፣ ስንጥቁ ግን ይቀራል።

4. የማንንም ስም አትጻፍ።

ከበሮ የመታውን፣ ዋሽንት የነፋውን፣ ያጀበችህን፣ ግጥም የሰጠህን ሁሉ «ከጓደኞቼ ጋር» በሚል አንድ መስመር ዝጋው። ቦታና ዓመተ ምሕረት አያስፈልግም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም፣ ለከዋኙም፣ ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅም መብት እንደሰጠ እርሳ።

ስም ምን እንደሚሠራ ማወቅ ከፈለግህ ኃይሉ መርጊያን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ተጫውቶ ያወጣውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሕር ዳር አገኘው። ስሙ ስላለበት ባለቤቱን ፈልጎ ደረሰበት፤ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ እሱም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። ያ ካሴት ላይ «ምርጥ ሙዚቃ» ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማን ተብሎ ይፈለግ ነበር?

5. ዋናውን ጣለው።

ወደ ኮምፒውተር ከገለበጥከው በኋላ ቦታ እንዳይዝ አሳንሰህ በኤምፒስሪ አስቀምጠውና ካሴቱን ለልጆች መጫወቻ ስጥ። ኤምፒስሪ ሲያሳንስ የሚጥለው ድምፅ ተመልሶ አይመጣም። ያልታመቀውን ዌቭ ፋይል አታስቀር፤ ደሴ ላለ ዘመድም ሁለተኛ ቅጂ አትላክ። አንድ ፍላሽ ይበቃል፤ ፍላሹ የተበላሸ ዕለት ሁሉም ነገር አብሮ ያልቃል።

ምክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ይህን ሁሉ የምለው የስብስብ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ማውጣት የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የዓለም ጆሮ የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚያውቅበትን መንገድ ወስኗል። እያንዳንዱ ሲዲ የተጫዋቾቹን ማንነትና የሥራውን ታሪክ የያዘ ጽሑፍ ነበረው፤ የሸክላ አሳታሚው የአምሃ እሸቴ ሥራዎችም በዚያው ከመረሳት ዳኑ። ግን የተሰበሰበው በአብዛኛው የአዲስ አበባ ሥራ ነው። የእኛን የለጋምቦንና የወሎ ቦረናን ሰርግ ቤት ማንም ከውጭ መጥቶ አይሰበስብልንም፤ ቅጂው ያለው በአዝማሪዎቹ ሳጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ካሴት ከመክፈታችሁ በፊት አብሮ ከበሮ ይመታ ወደነበረው ሰው ሂዱ። ዘፈኑ የማን ሰርግ ላይ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቀዳ፣ ግጥሙን ማን እንደሰጠ ጠይቁትና ጻፉት። ክሩን ባለሙያ ያክመዋል፤ ያንን የሚያስታውስ ሰው ካለፈ ግን የሚጠየቅ የለም።