ጀግናው ፔፐር አለው ወይ?

ጄፒ በሚባለው የጆሃንስበርግ የሀበሻ ሰፈር ያለን ሰዎች እሁድ ሱቅ ስንዘጋ ቡና ይፈላል፣ ፊልም ይከፈታል። ባለፈው «አቬንጀርስ፦ ኤጅ ኦፍ አልትሮን» ተከፈተልን። ሃልክ የተባለው አረንጓዴ ግዙፍ ድግምት ተደርጎበት ከተማ ሲያፈርስ፣ ቶኒ ስታርክ ብረት ለብሶ ሊያስቆመው ይታገላል። ያ ግብግብ የተቀረጸው ሌላ ቦታ አይደለም፤ እዚሁ ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ነው።

ዓለም ዳነች አልዳነችም ብሎ የጠየቀ የለም። ጎረቤታችን ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «የተሰበረውን መስታወት ማነው የሚከፍለው?» አሉ። ስታርክ በድብድቡ መሀል አንድ ጅምር ፎቅ ቶሎ መግዛት ይቻል እንደሆነ ሲያጣራማ ብድግ አሉ።

«እኛ አልጋ ለማታህል ሱቅ የቁልፍ መረከቢያ ኪይ መኒ አጥተን ስንንከራተት፣ እሱ ሊያፈርሰው ይገዛል!»

ፊልሙ ውስጥም ሕዝቡ አላጨበጨበም፤ ጀግኖቹ ስማቸው ጠፍቶ ገጠር ገብተው ተደበቁ። «ለሰው ሞት አነሰው» አለች ቡና የምታፈላልን እህታችን፣ ሁለተኛውን እየቀዳች።

እስቲ እውነት ሆኖ አንዱ ባለ ካባ ሰማይ ሰንጥቆ ጄፒ ይውረድ። ሀበሻው መጀመሪያ «የየት አካባቢ ልጅ ነህ?» ይለዋል። ቀጥሎ በስንት እንደመጣ ያጣራል። እኛ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ የተሻገርነው የደላላ ዕዳ ተሸክመን ነው፤ እሱ በነፃ በርሮ መምጣቱ ያስቀናል። «የሀገራችሁን ጦርነት ላስቁም» ካለማ አለቀለት፤ ግማሹ ሰው የእነዚያ ተላላኪ ነው ይለዋል፣ ግማሹ የእነዚህ። ያገሬው ሰው ደግሞ «ሥራችንን ሊወስድ መጣ» ብሎ ሰልፍ ይወጣል። ፖሊሱ ግን ነገር አያበዛም፤ እጁን ዘርግቶ «ፔፐር?» ነው የሚለው፤ የመኖሪያ ወረቀትህ የታለ ማለቱ ነው።

ስቀን ስናበቃ፣ በዚሁ በፔፐር ነገር ማንዴላ ትዝ አሉኝ። እሳቸው በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ኢትዮጵያም ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጥታቸዋለች። የገዛ ሀገራቸው ግን ሲመለሱ ያዘቻቸው። በ1955 ዓ.ም. አምስት ዓመት ስትፈርድባቸው፣ ከሁለቱ ክሶች አንዱ ያለ ፓስፖርት ከሀገር መውጣት ነበር።