በገናው በየትኛው መብራት ነው የሚደረደር?

(መርካቶ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን እያወዛወዙ ይገባሉ፤ ከባዱን የብረት ሳጥን የተሸከሙት ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ናቸው።)

ጋሽ ታደሰ፦ ብርሃኑ፣ የዚህን መንታ ትሠራልኛለህ።

ብርሃኑ፦ ምንድን ነው ጋሼ? ወፍጮ ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ሊኒየር ፓወር ሰፕላይ! የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን ያመጣልኝ። ያቺን ሚጢጢ አዳፕተር ጥዬ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይርልኝን ዳክ በዚህ ካስነሳሁት ወዲህ በገናው ሌላ ሆኗል። አሥሩም አውታር አንድ በአንድ ይሰማኛል፤ ደርዳሪው ሲተነፍስ ሳይቀር!

ወይዘሮ አልማዝ፦ እኔ ስጠራቸው ግን አይሰሙም።

ብርሃኑ፦ (ሳጥኑን እያዞረ) መጀመሪያ ይቺን ማብሪያ ልይ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ተመስገን፣ 230 ላይ ናት፤ አለዚያ የሚሸት እንጂ የሚሰማ ነገር አይኖርም ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ ስለ ድምፁ ንገረኝ እንጂ!

ብርሃኑ፦ ጋሼ፣ ሲዲ ላይ ያለው ቁጥር ነው። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ፣ እያንዳንዱ ልክ 16 ቢት። ዜሮው ዜሮ፣ አንዱም አንድ ሆኖ ከደረሰ የትኛውም መብራት የበለጠ አያጣፍጠውም። ችግር ካለ የሚመጣው ዳኩ ቁጥሩን ወደ ሞገድ ሲቀይር ነው። ርካሽ አዳፕተር ረብሻ ይለቃል፤ ደህና ዳክ ግን በውስጡ ባሉት ሬጉሌተርና ኮንደንሰር አብዛኛውን ያጣራዋል። ይሄኛው ትራንስፎርመር ደግሞ አምፕሊፋየር አጠገብ ቢያስቀምጡት ራሱ ያጉረመርማል።

ጋሽ ታደሰ፦ ታዲያ ጆሮዬ ዋሸ? ትናንት ማታ እንኳ...

ወይዘሮ አልማዝ፦ ትናንት? ሳጥኑን እኮ ባለፈው ሳምንት ዋይፋዩ ላይ ሰክቼዋለሁ። የዋይፋዩ አዳፕተር ተቃጥሎ ልጆቹ አላስቀምጥ ሲሉኝ!

ብርሃኑ፦ ቮልቱን አይተዋል እትዬ?

ወይዘሮ አልማዝ፦ ሁለቱም 12 ይላሉ። ማንበብ አልችልም እንዴ?

ጋሽ ታደሰ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ዳኩስ?

ወይዘሮ አልማዝ፦ በሚጢጢዋ ነዋ!

ጋሽ ታደሰ፦ ለካ ዜናው በስልኬ ጥርት ብሎ የሚመጣው ለዚህ ነው!

(እዚህ ላይ ብርሃኑ ሳቁን ለመደበቅ የወደቀ ብሎን የሚፈልግ መሰለ። ብሎን አልወደቀም።)

ብርሃኑ፦ ጆሮማ ከኪስ ጋር ይመካከራል። ለመሆኑ ሁለተኛውን ለምን ፈለጉት?

ጋሽ ታደሰ፦ ለአምፕሊፋየሩ። «እምምም» የሚል ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

ብርሃኑ፦ መዝሙሩን ሲያቆሙትስ?

ወይዘሮ አልማዝ፦ ያኔም አለ። ኮምፒውተሩን ስነቅለው ግን ጭጭ ይላል።

ብርሃኑ፦ አገኘሁት! ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ በሁለት መንገድ ከመሬት ሲገናኙ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ በሽቦው ይዞራል። ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ይሰኩ። ሳጥኑ ለዋይፋዩ ይሁን፣ መንታም አያስፈልገውም። «ድምፅ ያጠራል» ብሎ የመሬቱን ሽቦ ቁረጥ የሚልዎት ሰው ካለ ግን አደራ፣ እንዳይሰሙት፤ ኮረንቲ ይይዝዎታል።