አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ያለው ሰርቨር

የዘንድሮ ልጅ ምን ሠርቶ እንደሚበላ ግራ የገባው ሰው ካለ፣ ገለጉ መጥቶ የኔን በረንዳ ይይ። የእህቴ ልጅ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጥቷል። እንግዳ ነው፣ ይረፍ ብለን ጥላውን ለቀቅንለት። እሱ ግን ዶሮዋ እንኳ ክንፏን ዘርግታ በምታለከልክበት ሙቀት ላፕቶፑን ከፍቶ የዳታቤዝ ሰርቨር ይፈትናል። ተበላሽቶ ነው? ብለው፣ «ኧረ የለም ጋሼ፤ አለመበላሸቱን ለማየት ነው» ይለኛል። እኔ ዕድሜዬን የሰሊጥ መጋዘን ስጠብቅ ኦዲተር የሚመጣው በዓመት አንዴ ነበር። እሱም አንድ ነገር ሸቶት እንጂ ጤነኛ መጋዘን አያለሁ ብሎ ያን ሁሉ የመንገድ አቧራ አይቅምም ነበር።

የሚፈተነው ፖስትግሬስ ይባላል። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ ስለዚህ ልጁን በዕድሜ ይበልጠዋል፣ ልጁ ግን አያከብረውም። ተራ ነገር ነው እንዳልል፣ የፋይዳ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕም፣ ጤና ጣቢያዎች ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ ቱም መዝገባቸውን የሚያኖሩት እዚሁ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰርቨር ቀን ከሌት ሲጠየቅ ይውላል።

ጥያቄው ደግሞ ጉድ ነው። ልጁ «ሜክ ቼክ» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ ጊዜያዊ ሰርቨር ያቆምና ከ200 በላይ ፈተና ያወርድበታል። የመለሰውን ሁሉ አስቀድሞ ከተጻፈ መልስ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል። አንዲት ባዶ ቦታ ብትዛነፍ «ሪግሬሽን ዲፍስ» የሚባል ፋይል ላይ ዘርግፎ ያጋልጠዋል። «መልሱን ካወቃችሁት ምን ያስጠይቃችኋል?» አልኩት። «ትናንት ያወቀውን ዛሬ እንዳይረሳ ነው ጋሼ። ኮዱ በተነካ ቁጥር አንድ ቦታ ሲጠግኑት ሌላ ቦታ ይቀደዳል» አለኝ። በዚህ አያያዝ ከኔ እኩዮች ስንቱ እንደሚያልፍ እግዜር ይወቅ።

ፈተናው አንድ በአንድ ቢሆን ባልከፋኝ። እስከ 20 የሚደርሱት ባንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። ለእያንዳንዱ ከጠያቂው ወገን አንድ፣ ከሰርቨሩ ወገን አንድ ሠራተኛ ስለሚቆም፣ በድምሩ 40 ሥራ እዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይተራመሳል። ላፕቶፑ ይጮኻል፣ ይግላል፤ የሶላሩ ባትሪ ዜና ሳልሰማ ያልቃል። ሁለት ማታ ተቆጥቼ ዝም ካልኩ በኋላ ነው «ማክስ ኮኔክሽንስ» የሚባል ነገር አስተካክሎ አራት አራት እንዲሆኑ ያደረገው። ይቻል ኖሯል ማለት ነው! ሽማግሌ ካልተቆጣ ኮንፊገሬሽን የሚነካ የለም።

ከዚህ ሁሉ ደስ ያለኝ አንድ ጠባዩ ነው። ሩት በሚባለው የበላይ አለቃ ስም ላስነሣህ ቢሉት ሰርቨሩ እንቢ ይላል፤ እንደ ተራ ሰው ሆነህ ና ይላል። ካሳ ከሸፈተበት ከቋራ አገር ቢወለድ ኖሮ አይገርመኝም ነበር።

ማይኤስኪውኤል የሚባል ሌላም አለ። ሞንቲ ዊደኒየስ የተባለው ፊንላንዳዊ በልጁ በማይ ስም ሰየመው፤ በኋላ ለወጣው ማሪያዲቢ ደግሞ የታናሿን የማሪያን ስም ሰጠ። የማይኤስኪውኤሉ መፈተኛ «ፎርስ» ካላሉት በስተቀር የመጀመሪያውን ስህተት ሲያገኝ ቀጥ ይላል፤ ይሄ ጨዋነት ነው። ግን «ሪኮርድ» የሚሉት ትእዛዝ አለው፤ ማሽኑ ዛሬ የሰጠውን መልስ እንዳለ «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ ይመዘግብለታል። ልጁ «አይተን፣ አረጋግጠን ነው እንጂ ዝም ብለንማ አይደለም» ብሎ ይምላል። በኔ ጊዜ ሰሊጥ ሲጎድል ቀሪውን ልክ ነው ብሎ የጻፈ መጋዘን ጠባቂ ፍርድ ቤት ነበር የሚቆመው።

ፈተና አያስፈልግም ብዬ እንዳልከራከር አፌን የዘጋኝ የባንኩ ነገር ነው። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም የሌለ ገንዘብ ሲያወጣ አደረ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ ጊዜ የተፈጠረ ችግር ነው አለ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣም ተናገረ። ገንዘቡን አስመልሳለሁ ብሎ የስንቱን ልጅ ስምና ፎቶ ለጠፈ። እሺ፣ ይፈተን።

ግን ማን ባወጣው ጥያቄ? ሰሊጥ ሲመረመር ጆንያው ከአንድ ጥግ ብቻ ከተወጋ፣ መሀሉ አፈር ቢሆንም አንደኛ ደረጃ ተብሎ ይጫናል። የፖስትግሬሱም ፈተና ሰዓቱ የአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት ነው፤ በየትም አገር ቢሮጥ ወደዚያ ይዞራል። ቀኑም ወር ይቀድማል። ይሁን ብዬ ሳልፍ፣ ልጁ እየሳቀ አንዷን ፈተና አሳየኝ፤ 2013፣ 13ኛ ወር፣ ቀን 1 የሚል ቀን ሥራ ብለው ያዙታል። የተጻፈው መልስ «ስህተት፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም» ነው። ሰርቨሩም የለም ሲል «አለፈ» ይባልለታል! ጳጉሜን 1 ቀን 2013ን እኔ በዚሁ በረንዳ ላይ ውዬባታለሁ። እንኳን 1፣ በ2015 ጳጉሜን 6ም ነበረች። ማሽኑ አዲስ ዓመታችንን የሚያደርሰንን ወር በካደ ቁጥር ይመረቃል፤ የኛን አቆጣጠር ለብቻው ሠርተው ካልጨመሩለት አያውቀውም።

ስሜስ? ዓለሙ ነኝ፣ በዓይኑ ዐ። አንድ ቢሮ ውስጥ ልጅቱ በአልፋው አ ፈለገችኝና «አባባ፣ የሉም» አለችኝ። ፊቷ ቆሜ! ልጁን ጠየቅኩት፤ ለማሽኑ ዓ እና አ እንደ ሀ እና ለ የተለያዩ ናቸው፤ ሰና ሠም፣ ጸና ፀም እንደዚያው፤ ካልነገሩት በስተቀር ዘመድ አያደርጋቸውም አለኝ። በል እንግዲያስ የኔን ፈተና ጻፍ አልኩት፤ ዓለሙ ተብሎ የገባ ሰው አለሙ ተብሎ ሲጠራ አቤት ይበል። ጻፈ፣ አስሮጠ፣ ወደቀ። ልጁ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ዘለለ፤ ሲወድቅ ነው ለካ የሚደሰቱት። «አሁን አስተካክዬ ሁለቱን ስም አንድ አደርገዋለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ከገበያው በላይ ያለው ባለወፍጮ ትዝ አለኝ። እሱም አለሙ ነው፣ በአልፋው። የአባቱም ስም ከአባቴ ጋር አንድ ነው። ያለበት ዕዳ ደግሞ በጆንያ አይሰፈርም።

«ቆይ አንተ ልጅ» አልኩት። «ስንፈለግ አገናኘን፤ ስንከፍል ግን ለየን። ይህንንም ፈተና አድርገህ ጻፈው።»