ላም አለኝ በሰማይ፣ መረጃ አለኝ በደመና

የሽንፋ ገበሬ ስንቱን ቅን ሰው አሳዘነ! ለእሱ ሲባል አዲስ አበባ ላይ አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይከፈላል፣ ሪባን ተቆርጦ የእርሻ መተግበሪያ ይመረቃል። እሱ ግን ለምስጋና እንኳ ብቅ አይልም፤ መተማ ቆላ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሰሊጡን ሲያርም ይውላል። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ሲጸድቅ ግብርናን ከዋና ዋና ተስፋዎቹ ተርታ አስቀምጦታል። ሰነዱ ደርሷል፣ ሶፍትዌሩም ደርሷል፤ ያልደረሰው ገበሬው ብቻ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ሲጻፍ የበሽታው ስም አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ «የግንዛቤ እጥረት»። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ። መድረኩ ደግሞ አበል አለውና በሽታው ባይድን የሚከፋው ሰው ጥቂት ነው።

ምርመራው ላይ ግን አንድ እንከን አለ። አዲስ ነገር ይፈራል የተባለው ይህ ሰው፣ ማንም አዳራሽ ሳይከራይለት፣ ትራክተር ተከራይቶ ያሳርሳል። ቱፎርዲ ማሽላውን ከአረም እንደሚያድን፣ ያው መድኃኒት ሰሊጥ ላይ ካረፈ ግን ራሱን ሰሊጡን እንደሚፈጅ ያውቃል። የጎንደርን ዋጋ ሊጠይቅ ሲሻም ስልክ ይደውላል። ቴክኖሎጂን የሚመዝነው በአንድ ሚዛን ብቻ ነው፦ ጭንቀቴን ያቀልልኛል ወይ? ጭንቀቱ ደግሞ ጥናት የሚያስፈልገው ምሥጢር አይደለም። ሰሊጥ ቢጫ ማለት ሲጀምር ከታች ያለው ፍሬ ቀድሞ አፉን ይከፍታል፤ አጨዳው ጥቂት ቀን ከዘገየ የክረምቱ ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በቶሎ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው ተደጋግፎ የሚደርቅበት ሂላ ተሠርቶ መቆም፣ ሲደርቅም ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ መራገፍ አለበት። በዚያ ሰሞን ጥያቄው የአጨዳ ሠራተኛው ሳሉግ ከየት ይገኛል፣ የቀን ዋጋው ስንት ገባ፣ ገንዘቡን ማን ያበድራል የሚል ነው። መተግበሪያው ታዲያ ይህን ሁሉ አስልቶ በደግነት ይመክረዋል፦ «ምርትዎን በወቅቱ ይሰብስቡ።» ማን አስቦት ያውቃል!

«ምን ይደረግ፣ ገበሬው ማንበብና መጻፍ አይችልም» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት ነበረው፤ በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የ8028 የስልክ መስመርን ባይከፍት ኖሮ። መስመሩ ተራ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ቁጥር ሲጫኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይናገራል፣ ሒሳብም አይቆርጥም። የገበሬው መልስ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ሆነ። ፊደል አልቆጠረም የተባለው ቁጥር ተጭኖ አዳመጠ። በአንጻሩ በዚያው ቆላ መቶና ከዚያ በላይ ሄክታር የያዘውን ባለሀብት ተመልከቱ፤ ተምሯል፣ ዘመናዊ ስልክም ከኪሱ አይጠፋም። እርሻውን የሚመራው ግን ካቦውን እየጠራና ስልክ እየደወለ ነው። ካለማንበብ የሚመጣው በሽታ አንባቢውን በየት በኩል ያዘው?

ሌላው መልስ «መረጃህ ደመና ላይ ተቀምጧል፣ አይጠፋም» የሚል ነው። የቆላ ሰው ደመናን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሲፈልጉት እንደማይመጣ፣ ሳይፈልጉት ሂላ ላይ እንደሚወርድ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የዚያ ዓመት ሰሊጥ ደርሶ ታጭዶ ተራገፈ፣ ኢንተርኔቱ ግን ገና አልተመለሰም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። «ግጭቱ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም» ቢባል እውነት ነው። ዝናብ መዝነቡም የጣሪያው ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን የሚያፈስ ጣሪያ የሠራ ሰው የቤቱን ባለቤት «ዘመናዊነት አልገባህም» ብሎ አይወቅስም። በጥቅምት ሂላው ሳይነሳ ዝናብ እንደሚመጣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቢነገረው ገበሬው አይጠላም፤ ይህ ግን ለምረቃ የሚያምር ነገር አይደለም።

ዋናው ነገር ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። በክረምት አበድሮ፣ በመኸር ሰሊጡን በርካሽ የሚወስደውን ነጋዴ ሁሉም ያማዋል፤ ሲያንሰው ነው። ሆኖም ያ ነጋዴ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ እርሻው ላይ ጥሏል፤ ሰሊጡ ከረገፈ አብሮ ይረግፋል። መተግበሪያው ግን ከገበሬው ስም፣ ስልክና የመሬት ስፋት ተቀብሎ ምክር ይሰጣል፤ ምክሩ ከተሳሳተ ዕዳው የገበሬው፣ የተመዘገበው «ተጠቃሚ» ግን የሪፖርቱ ነው። «ቴክኖሎጂ ሲጀምር እንዲህ ነው፣ ቀስ እያለ ይሻሻላል» ይባላል። ይሻሻል፤ የመማሪያው ክፍያ ግን ለምን የዓመት ቀለቡ እርሻው ላይ ካለ ሰው ብቻ ይቆረጣል? እንግዲህ ገበሬውን ለማዘመን ከልብ የቆረጠ ሁሉ አንድ ቀላል ማሻሻያ ይቀበል፦ የአዳራሹ አበል እንደ ገበሬው ገቢ ሰሊጡ ሸራ ላይ ከተራገፈ በኋላ፣ በተገኘው ኩንታል ልክ ይከፈል። የግንዛቤ እጥረቱ በአንድ መኸር ይጠፋል፤ ከየትኛው ወገን እንደሚጠፋ ግን ያኔ ይታያል።