ብቸኝነት በደብረ ታቦር

ከባሕር ማዶ የመጣ መንገደኛ፥ አንዲቱን ተራ ቀን በደብረ ታቦር ከተማ በጽሞና ብቻውን ለማሳለፍ አስቦ፥ መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ከቡና ቤት ጥግ በተቀመጠ ጊዜ፥ ይህ አሳቡ እንደ በጎ ፈቃድ ሳይሆን እንደ ደዌ ተቆጥሮ፥ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መድኃኒት ሊሆነው ይነሣል። አንደኛው «ምነው፥ ሰው ሞተበት እንዴ?» ይላል፤ ሁለተኛው «ከባልንጀሮቹ ተጣልቶ ይሆናል» ሲል ይፈርድለታል፤ ባለቡናዪቱም ሐተታ ሳታበዛ «በሞቴ!» ብላ ታጎርሰዋለች። አቦሉን ጠጥቶ ሊነሣ ቢሞክር፥ ቶናውን መተው ነውር፥ በረካውን መተው ደግሞ በረከትን መግፋት ስለሚሆን፥ ንባቡ ከመጀመሪያው ገጽ ፈቀቅ ሳይል ፀሐይ ወደ ጣና ታዘቀዝቃለች። ብሕትውናማ በዚህ አገር ለመነኮሳት የተፈቀደ ማዕርግ ነው፤ እነርሱንም ቢሆን ጸሎት ፈላጊው አያስቀምጣቸውም።

ደግሞስ እንግዳን ያለ ሥራ አለመተው ለከተማይቱ አዲስ ግብር አይደለም። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የአውሮጳ ሰዎች ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስፍረው መድፍ አሠሯቸው፤ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውም ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ከእነዚያ ሰባክያን ጋራ ሲነጻጸር፥ የዛሬው መንገደኛ ሁለተኛ ጉርሻ ተጎርሶ፥ ወደ ማኅበር ጠላ ተጠርቶ፥ ከማያውቀው ሙሽራ ጎን እንደ ሚዜ ቆሞ ፎቶግራፍ ቢነሣ በቀላል ዕዳ ተገላገለ ማለት ነው፤ እስካሁን መድፍ አብጅ ያለው ሰው የለምና።